የወለተሐና አውራ ዶሮ

ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን በሚኒባስ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ መኪናው ሳይሞላ አይነሣም፤ ከሞላም በኋላ ለሌላ ሰው ቦታ አይጠፋበትም። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ ያለ ቦታው የተቀመጠ ነገር ሳይ ዝም ማለት አይሆንልኝም። አምና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ረዳቱን «በቃህ እንጂ! ሰው ነን ወይስ ጆንያ?» እያልኩ ስቆጣ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ አንድ ግዙፍ ገብስማ አውራ ዶሮ አቅፈው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። የዶሮው ጅራት አፍንጫዬ ሥር ሆነ። ይኸው ደግሞ ዶሮ ቀርቶኝ ነበር አልኩ በሆዴ።

በሩ ሊዘጋ ሲል አንዲት ወጣት እያለከለከች ደረሰችና ከሾፌሩ ጀርባ ባለችው አግዳሚ ላይ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ተቀመጠች።

«አባባ፣» አለች ገና ትንፋሿ ሳይመለስ፤ «ይህን አውራ ሳይነግሩኝ ይዘው ወጡ?»

«በገዛ ቤቴ ያደገ ዶሮ ነው። ማንን አስፈቅጄ ልውሰድ?»

«ሌላ ሞልቶ የለም እንዴ? ቀዩን ለምን አልወሰዱም?»

«ቀዩማ ምኑ ይታረዳል! አጥንት ላስግጣቸው ነው?»

ለማያውቃቸው አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ሽማግሌው መሪጌታ ወልደተንሣኤ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ወጣቷ የመጨረሻ ልጃቸው ትርሲት ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የእንስሳት እርባታ ተማረችና እንደ እኩዮቿ አዲስ አበባ ወርዳ ሥራ በመፈለግ ፈንታ አባቷ ቤት ተመልሳ ዶሮ ማርባት ያዘች። ደብረ ብርሃን የሚኖረው ወንድሟ አንተነህ ሴት ልጅ ወልዶ በማግስቱ እሑድ ክርስትና ልትነሣ ነው። የክርስትና ስሟም የሟች አያቷ፣ የመሪጌታ ባለቤት ስም፣ ወለተሐና እንዲሆን ተወስኗል። ለዚች ልጅ ድግስ ነው እንግዲህ መሪጌታ ከቤታቸው ምርጡን አውራ ይዘው የወጡት፤ ያን ዕለት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይታረዳል። ትርሲት ደግሞ እንዳይታረድ ልትለምን ተከትላ መጣች።

«ይቅርታ፣ በሰው ነገር መግባት አልወድም፤» አልኩ። ውሸቴን ነው፣ በጣም እወዳለሁ። «ግን አንድ ዶሮ ይህን ያህል ምን ቢኖረው ነው?»

ትርሲት ከያዘችው ዘንቢል ለአራሷ ካመጣቻቸው እንቁላሎች አንዱን አውጥታ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ። እኔ በዕድሜዬ የበላሁትን እንቁላል እግዜር ይቁጠረው፤ እንዲህ ያለውን ግን አይቼ አላውቅም። ነጭ አይደለም፣ ዳለቻም አይደለም፤ ጠቆር ያለ፣ በደንብ የተቆላ ገብስ ይመስላል።

«እናቴ ስታገባ ከጣርማ በር፣ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ዘር ነው፤» አለችኝ። «እሷ ካረፈች ወዲህ ቀለሙ በየዓመቱ እየነጣ ሄደ። አሁን ይህን የመሰለ የሚጥሉ ሁለት ዶሮዎች ብቻ ቀርተውኛል። ከእነሱ እንቁላል የተፈለፈለ አውራ ደግሞ ይኸው አባቴ ያቀፉት ብቻ ነው። ዛሬ ከታረደ የእናቴ ዘር አበቃ።»

«ወይ ጉድ!» አሉ መሪጌታ ወደ እኔ ዞረው፤ አስተማሪነቴን ከአነጋገሬ ሳይለዩ አልቀሩም። «እስቲ መምህር ይፍረዱኝ። አውራ ዶሮ እንቁላል ይጥላል?»

መኪናው በሳቅ ተሞላ። እውነቴን ነው፣ እኔም ሳቅኩ። ትርሲት ግን አልሳቀችም።

«አባባ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት ወይፈኑን ከነጌጡ ቤት ሲገዙ መጀመሪያ የጠየቁት ምን ነበር?»

«እናቱ ስንት ትታለባለች ብዬ ነዋ።»

«ወይፈን ይታለባል?»

ሽማግሌው የዶሮውን ላባ ማስተካከል ያዙ።

«ወይፈኑ የእናቱን ወተት ለሴት ልጆቹ እንደሚያወርስ ያውቃሉ። እርስዎ አይደሉም ‹ዘር ከልጓም ይስባል› የሚሉት? አውራ ዶሮም እንደዚሁ ነው። እሱ ራሱ አይጥልም፤ የእናቱን ቀለም ግን ለቄቦቹ ይሰጣል። ጥቁር እንቁላል የሚጥሉትን ሴቶች ይዘን ከማንም አውራ ጋር ብንለቃቸው በየትውልዱ ግማሹን እያጣን ነው።»

«እሱስ ይሁን፤» አሉ መሪጌታ፣ ሲሸነፍ ነገር እንደሚያዞር ባለቅኔ ሌላ በር ከፍተው። «ነገር ግን ለክብር ቀን ከቤት ምርጡ ነው የሚቀርበው። አቤል ከበጎቹ በኵራቱን አቀረበ እንጂ የከሳውን ፈልጎ አልሄደም።»

«ኖኅስ፣ አባባ? ኖኅ ከሰማይ ወፍ ተባዕትና አንስት አድርጎ ወደ መርከቡ ያስገባው ለወጥ ነው? ዘር በምድር ላይ እንዲቀር አይደለም?»

«ልክ ናት!» ብዬ ጮህኩ። መሪጌታ ገላመጡኝ። በሰው ነገር አልገባም ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ከኋላችን ከተቀመጡት አንዷ፣ ብርነሽ የምትባል እንቁላል ነጋዴ፣ በጭድ የጠቀጠቀችውን ቅርጫት እንደታቀፈች አንገቷን አሰገገች።

«ልጄ፣ እኔ እንቁላል ስሸጥ ነው ያረጀሁት፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይኼ ጥቁሩ ከነጩ በጣዕም ይበልጣል?»

«አይበልጥም እማማ። ውስጡ ያው ነው፤ ልዩነቱ ቅርፊቱ ላይ ነው።»

«አያችሁ!» አሉ መሪጌታ ደስ ብሏቸው። «ያው ከሆነ ምን አስጨነቀሽ? መንግሥት የሚያከፋፍለው የፈረንጅ ጫጩት አለልሽ። በየቀኑ ይጥላል።»

ይህች ልጅ እዚህ ላይ ብትዋሽ ኖሮ ንቄ ትቻት ነበር። ተማርኩ የሚል ብዙ ሰው ክርክር ለማሸነፍ ሲል ይዋሻልና።

«የፈረንጁን አልነቅፍም፤» አለች። «እንቁላል ብዛት ለፈለገ፣ መኖና ሙቀት ለማያጣ ሰው ከእሱ የተሻለ የለም። እኔም አለኝ። ግን አይታቀፍም፤ ጫጩት ሲያምረን ደጅ መጥናት ነው። የእናቴ ዶሮ በአንኮበር ብርድ ራሷ ታቅፋ፣ ራሷ አሳድጋ፣ ጭላት ሲያንዣብብ ጮኻ ትሰበስባለች። በዚያ ላይ እንቁላሏን ማንም ከሩቅ ይለየዋል። እማማ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯቸው፤ ገበያ ላይ ጥቁሩ ሲገኝ ሰው ምን ይላል?»

ብርነሽ ሳቀች። «ምን ይላል! ይሻማበታል እንጂ። የሆቴል ሰዎችማ ከየት ነው የምታመጪው እያሉ ይነዘንዙኛል። ከሌላው አስበልጠው ይገዙኛል፤ እኔ ግን ዘንድሮ ከየት ላምጣላቸው?»

«እኛም እኮ ያጠፋነው በዚሁ ነው፤» አለች ትርሲት። «ጥቁር ጥቁሩን መርጠን ለገበያና ለእንግዳ እናወጣለን፤ የነጣውን ‹ለመታቀፍ ይበቃል› ብለን ዶሮዋ ሥር እናደርጋለን። ከተፈለፈለው ደግሞ ግዙፉን አውራ ለበዓል እናርዳለን፤ ኮሳሳው ይተርፍና እሱ አባት ይሆናል። አባባ፣ የዘር ገብስ ሲለዩ ከአውድማው ግርዱን ነው የሚያስቀምጡት?»

«እንዴት ተደርጎ! ፍሬው የሞላው ነው ለዘር የሚቀመጠው። በክፉ ቀን እንኳ ቆሎ አምሮን የዘሩን ጎተራ አልነካንም። እናትሽ አታስነካም ነበር።» ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ አለ። ወዲያው ግን እንደገና ነደዱ። «ቆይ ቆይ! እኔ በየበዓሉ ምርጡን አውራ ሳርድ ነው የኖርኩት፤ ዛሬ አልጀመርኩም። እናትሽ በሕይወት እያለች ለምን አልነጣም? መልሺልኝ!»

ትርሲት ዘንቢሏን ወዲያና ወዲህ ማስተካከል ያዘች። መልስ ያጣች መሰለኝ፤ አዘንኩላት። ኋላ ስረዳው መልሱ አፏ ላይ ነበር፤ የጨነቃት እሱን ማውጣቱ ነው።

«አባባ፣ እንዳይቆጡኝ። በዓል ሲቃረብ ምርጡ አውራ ይጠፋ የነበረው ትዝ ይልዎታል?»

«እንዴት አይለኝም! ሸለምጥማጥ እየበላው። ፋሲካ ሲደርስ፣ ገና ሲደርስ፣ ያ ርጉም ሸለምጥማጥ ቀን ቆጥሮ ይመጣብን ነበር።»

«ሸለምጥማጥ አልነበረም። እማዬ ናት። በዓል ሊደርስ ሲል በቅርጫት ከድና አክስቴ አልታየች ቤት ትወስደዋለች። እርስዎ ሁለተኛውን ያርዳሉ። በዓሉ ሲያልፍ ትመልሰዋለች።»

«ሲመለስስ? ዓይን የለኝም?»

«ከአልታየች የገዛሁት ሌላ ነው ትልዎ ነበር።»

ብርነሽ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሾፌሩ ሳይቀር መሪውን እየመታ ሳቀ። «እሰይ፣ የሴት ብልሃት!» አለ አንዱ ከኋላ። መሪጌታ ግን ፊታቸው ጠቆረ፤ የዶሮውን ክንፍ ጠበቅ አድርገው ይዘው በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ።

ከመስኮቱ ሳይዞሩ «ወለተሐና ዋሸችኝ?» አሉ።

«ብዙ ጊዜ ነግራዎት ነበር አባባ። ‹ይሄን ለዘር እንተወው› ስትልዎት እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ‹አንቺ ደግሞ የዶሮ ሊቅ ሆንሽ› ብለው ይስቁባታል። ሲስቁባት ሸሸገች።»

«እንግዲያ ከሞተች ወዲህ የነጣው የሚሸሽግብኝ ጠፍቶ ነው?»

«አዎ።»

«ዘሯን ያጠፋሁት እኔ ነኛ።»

ልጅቷ ልታባብላቸው ትችል ነበር፤ እኔ ብሆን አባብላቸው ነበር። እሷ ግን ዓይናቸውን እያየች «አዎ፣ አባባ፤ እርስዎ ነዎት። ገና ግን አላለቀም፤» አለች። መሪጌታ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ስንወርድ መሪጌታ ክንዴን ያዙኝ። «መምህር፣ ከገቡ አይቀር እስከ መጨረሻው ይግቡ። ከእኛ ጋር ይምጡ።» ይህን ጥሪ እኔ እንቢ አልልም።

አንተነህ ቤት ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል፣ በጉም ታስሯል። የምራታቸው እናት ወይዘሮ ዝናሽ እልል ብለው ተቀበሉንና ዶሮውን ሲያዩ «ይሄስ በሬ ነው እንጂ ዶሮ አይደለም!» አሉ። ባለቤታቸው አቶ ገዛኸኝ ቢላዋውን እየሳሉ ቀረቡ። መሪጌታ ዶሮውን ከደረታቸው አላላቀቁም።

«አይታረድም፤» አሉ።

«እንዴት?» አሉ አቶ ገዛኸኝ። ፈገግታቸው ጠፋ። «ለልጅ ልጅዎ ሰስተው ነው፣ መሪጌታ? ይዘውት መጥተው ሊመልሱት? ሰው ምን ይላል?»

ለሽማግሌ ሰው ከዚህ የከፋ ቃል የለም። በአማች ፊት፣ በድግስ ዋዜማ፣ ስስታም መባል! ትርሲት ደንግጣ አባቷን አየች። ያን ጊዜ ዶሮውን ቢሰጧቸው ኖሮ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

«ሰስቼስ ቢሆን፤» አሉ መሪጌታ ቀና ብለው። «ለእርድ ይዤው መምጣቴ እውነት ነው፤ አጥፍቻለሁ። ባለቤቴ የዚህን ዘር አባቶች ከእኔ ቢላዋ ስትሸሽግ ነው የሞተችው። እኔ አላወቅኩም፤ ብትነግረኝም አልሰማሁም። ነገ ለዚች ልጅ ስሟን እንሰጣታለን። ስሟን ሰጥተን ዘሯን ልንበላባት ነው? ወለተሐና በስውር ያደረገችውን እኔ በአደባባይ አደርገዋለሁ። ይህ ዶሮ የልጅቱ ነው፤ አንኮበር ትርሲት ዘንድ ይኖራል፤ ልጅቱ ስታድግ ከዘሩ ትበላለች። ለዛሬ ወጥ ከገበያ የፈለጋችሁትን አውራ እገዛላችኋለሁ።»

ወይዘሮ ዝናሽ መጀመሪያ እልል አሉ። አቶ ገዛኸኝ ቢላዋውን አስቀምጠው «ከሆነስ አንድ ጫጩት ለእኛም» አሉና ተሳሳቁ። ከገበያ የተገዛው ቀይ ዶሮ ወጥ ሆነ። እኔ በልቼዋለሁ፤ ምንም አልጎደለውም።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ አስተማሪ ነኝና ሳልመክር አልሰናበትም። ለእንግዳህ ምርጡን ማቅረብህ ደግ ነው፤ ለዘር የሚሆነውን ግን አስቀድመህ ለይና ከቀረው ምርጡን አቅርብ። የጠቆረውን እንቁላል አሳቅፍ፣ የነጣውን ሽጥ። አውራውን ስትመርጥ እናቱን ጠይቅ። ዶሮዎችህን ቤት ውስጥ ከሰው ጋር አታሳድራቸው፤ ቆጥ ሥራላቸው፤ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ሳይገባ አስከትባቸው። ይህን ሁሉ ትርሲት አድርጋዋለች። ጣርማ በር ከእናቷ ዘመዶች ዘንድ የቀሩ ጥቂት ዶሮዎች አግኝታ አውራ ተለዋወጠች፤ ዘመድ ከዘመድ እየተዋለደ ዘሩ እንዳይደክም ነው። ብርነሽ ዛሬ እንቁላሉን አንኮበር ድረስ ሄዳ ትወስዳለች፤ ጎረቤቱም ጫጩት ለማግኘት ተራ ይዟል።

በቅርቡ ልጠይቃቸው ወጥቼ ነበር። መሪጌታ በረንዳው ላይ እንቁላል በሰፌድ አድርገው፣ አንዱን እያነሱ ለፀሐይ እያዩ፣ ለማሳቀፍ ይመርጣሉ። ትርሲት ልታግዛቸው እጇን ስትሰድ «ተዪ፣ እኔ እለየዋለሁ» አሏት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«መምህር፣» አሉኝ እጃቸው ሳያርፍ፤ «ወለተሐና ይህን ስትሠራ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ምን ትሠሪያለሽ ብያት አላውቅም። ብጠይቃት ኖሮ ትነግረኝ ነበር፤ መሸሸግም ባላስፈለጋት።»

እኔም ከሰፌዱ አንድ እንቁላል አንስቼ «ይህንስ በምን ይለዩታል?» አልኳቸው።