ከፎቶዬ መሃል የቆሙት እናት

ባለፈው እሁድ፣ እዚህ ለንደን፣ የቴምዝ ወንዝ ውሃው በቀን ሁለቴ ሲሸሽ የምትገለጠውን ትንሽ አሸዋማ ዳርቻ ጀንበር ስትጠልቅ ላነሳት ካሜራዬን ይዤ በድንጋይ ደረጃው ወረድኩላችሁ። አንዲት ካፖርት የለበሱ ሴትዮ ልክ ፎቶዬ መሃል ላይ ቆመዋል። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ንቅንቅ አይሉም። ጓደኛዬ ስትደውል «ባክሽ አንዲት አሮጊት ፊቴ ተገትራ ልቤን አደረቀችው፤ ምናለ ዞር ብትልልኝ» አልኳት፣ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ። እዚህ ማን ይሰማኛል ብዬ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ሴትዮዋ ቀስ ብለው ዞሩ። «ይቅርታ ልጄ፣ ፎቶሽን አበላሸሁብሽ» አሉኝ፣ ትግርኛ ትግርኛ በሚል ግን ጥርት ባለ አማርኛ። «ጉልበቴን ይዞኝ ነው፤ ደረጃውን ብቻዬን መውጣት አቃተኝ።» ለካ የሚደግፋቸው ሰው እየጠበቁ ነበር። ውሃው ደግሞ ተመልሶ ጫማቸውን መንካት ጀምሯል። ያን ሁሉ ጊዜ በካሜራዬ ሳያቸው ይሄን አላየሁም።

ክንዳቸውን ይዤ እያረፍን አወጣኋቸው። ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ላይ ስንደርስ «እማማ፣ ለምን ቀደም ብለው አልጠሩኝም?» አልኳቸው።

«ስልክ ላይ ነበርሽ» አሉኝ እጄን እየዳበሱ፣ «ላቋርጥሽ አልፈለግኩም።»