ተደብቆ የሚሠራው አናጢ

«ሌባም ከሆንክ ውጣ፣ ሌባ ካልሆንክም ውጣ» አለ የሴት ድምፅ ከበሩ ውጭ።

ጋሼ ልኩ መላጊያቸውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። በገዛ ወርክሾፓቸው፣ በገዛ መሣሪያቸው እየሠሩ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ቢመልሱ በድምፃቸው ይታወቃሉ፤ ዝም ቢሉ ሰፈሩ ዱላ ይዞ መምጣቱ ነው። ድመት መስለው ለማለፍ ቃጥቷቸው ነበር፤ ግን ድመት እንጨት እንደማይልግ ትዝ አላቸው። መቀርቀሪያውን ሳቡት።

ከበሩ ላይ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጇ ጨብጣ የቆመችው፣ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየችው ወጣት መምህርት ነበረች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? በራስዎ ላይ ዘግተው?»

«ቀስ በይ እንጂ፤ ሰው ይሰማል። ግቢና ዝጊው።»

ጋሼ ልኩ ይህን ስም ያገኙት ያዩትን ሁሉ «ልኩ ስንት ነው?» ሳይሉ ስለማያልፉ ነው። በአናጢነት የሚስተካከላቸው አልነበረም። ልጃቸው ሰው አገር ሄዳ የሰው ልጆች ማሳደግ ከጀመረች ወዲህ ግን መጋዛቸውን ሰቅለዋል። በዚያ ሰፈር ልጁ ውጭ ያለ ሰው ሲሠራ ከታየ፣ «ልጁ ረስታዋለች» ይባላል። ስለዚህ ጋሼ ንጹሕ ኮት ለብሰው ደጃፍ ላይ መቀመጥ ሥራቸው ሆነ። እጃቸው ግን መቀመጥ አልለመደም። ሲብስባቸው እየተደበቁ ይገቡና፣ ለማንም የማይሸጡትን በርጩማ ሠርተው፣ ሰጋቱራውን ከኮታቸው አራግፈው ይወጣሉ። ዛሬ የመጨረሻቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ፕላስቲክ ወንበር ሻጩ ቁልፉን ሊረከብ ይመጣል፤ ወርክሾፑን ለመጋዘን ተከራይቶታል።

መምህርቷ ትስቃለች ብለው ሲጠብቁ ጣውላ ላይ ተቀመጠች። ከማስተማር ይልቅ መጠየቅ የሚቀናት ልጅ ናት። ለምን እንደሚደበቁ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ እየለፋች እኔም ከለፋሁ፣ የሷ ልፋት ምን ረባ?» አሉ ጋሼ።

«እሱን ይተዉትና አንድ ነገር እንለካ። ልጅዎ የምትልከው ገንዘብ እዚህ ሰፈር ስንት ቀን ያድራል?»

ጋሼ ይህን ለክተው አያውቁም። ከጆሯቸው ላይ እርሳሳቸውን አወረዱ፤ ነገሩ ያዛቸው። ገንዘቡን ተከትለው በሐሳብ መንገድ ገቡ። በገንዘቡ ለሚያሠሩት አዲስ ቤት ወንበሩ ከፕላስቲክ ወንበር ሻጩ፣ መስኮቱ ከአንድ ነጋዴ ተገዝቷል፤ ሁለቱም ዕቃውን በጭነት መኪና ከሩቅ ያስመጣሉ፤ ገንዘቡም በዚያው መኪና ይመለሳል። እንደ ቸኮለ እንግዳ፣ ተቀመጥ ሳይባል ይወጣል ማለት ነው። ቆርቆሮ ሠሪው ልጁ ውጭ ስላለ መዶሻውን ጥሏል። ልብስ ሰፊዋም እንደዚያው፤ ዛሬ ሌላ ሰው የሰፋውን ለብሳ ትሄዳለች። የትምህርት ቤቱ አግዳሚ ወንበሮች ሳይቀሩ በመኪና የመጡ ናቸው፤ ይወዛወዛሉ።

«እግሩ በምስማር ብቻ ነው የተያዘው?» አሉ ጋሼ፣ የዘመድ ሕመም እንደሚጠይቅ ሰው።

«በምስማር ብቻ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ቢሆንም በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ልጃቸው ባትልክ የእናቷ መድኃኒት ከየት ይገኝ እንደነበር፣ ታናናሾቿስ በምን ይማሩ እንደነበር ጠየቁ። መምህርቷ እውነት ነው አለች፤ የሚላክላቸው ልጆች ደብተር ይዘው፣ ጠግበው ክፍል እንደሚገቡ በዓይኗ ታያለች። ችግሩ የማይላክለት ሰው ነው፤ ገበያው ሁሉ በሚላክለት ሰው ልክ ሆኗል።

«የቤት ኪራይ እንኳ ተሰቅሏል፤ አከራዮቹን ያውቋቸው ይሆናል» አለች።

ጋሼ ልኩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደግሞ ልጅዎ አምና ልምጣ አላለችም?»

«ብላለች። ጣሪያው እስኪያልቅ ታገሺ አልኳት። ከዚያ ደግሞ አጥሩ መጣ።»

«ጋሼ፣ እሷ የምትመጣው ቤቱ ሲያልቅ ነው ወይስ እሷ ስታልቅ?»

መላጊያውን አስቀመጡት። ይህን ያህል ዘመን ደጃፍ ላይ ሲውሉ ያረፉ መስሏቸው ነበር፤ ለካ የሁለት ሰው ሸክም አንዲት ልጅ ላይ ጭነው ኖሯል የተቀመጡት።

ከዚያ በኋላ ያወሩት የክርክር ሳይሆን የሥራ ወሬ ነው። መጋዙን ቢያወርዱ፣ የልጃቸው ገንዘብ ጣውላ ይገዛል፤ ከጣውላው እንጨት ሰንጣቂው ይበላል፣ ተሸካሚው ይበላል፣ ሥራ ፈትተው ጥግ የሚቆሙት ጎረምሶችም ሙያ ይዘው ስደትን ላያልሙ ይችላሉ። መምህርቷ ወላጆችና ርዕሰ መምህሩ ጥሩ አግዳሚ ሠሪ ቢያገኙ ደስ እንደሚላቸው ነገረቻቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ አባት የራሱን ጉርሻ ከቻለ ልጅ የምትመለስበትን ቀን መቁረጥ ትችላለች። የሚላክ ገንዘብ ሰውን የሚያቆመው ምርኩዝ ሲሆን ነው፤ አልጋ ከሆነማ ያስተኛል።

ጋሼ የቀራቸው አንድ ፍርሃት ብቻ ነበር፦ ልጃቸው አዋረድከኝ ብትልስ? ደወሉላት፤ እጃቸው ሰጋቱራ ስለነበረ መምህርቷ ስልኩን ይዛ ድምፁን ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። ሁሉንም ተናዘዙ። ልጅቱ አግዳሚው ከምን እንጨት እንደሚሠራ ጠየቀች። ቀጥላም ሥራው ከጀመረ ውሏን ሳታድስ መምጣት ትችል እንደሆነ ጠየቀች፤ ድምፅዋ ልክ ልጅ ሳለች ወርክሾፑ ልግባ ብላ ስትለምን የነበረውን ዓይነት ነበር። «ነይ» አሉ ጋሼ።

ስልኩ ሳይዘጋ ወንበር ሻጩ ደረሰ። የቁልፉ ርክክብ እንደቀረ ሲሰማ አልተቆጣም፤ አዘነላቸው እንጂ።

«ጋሼ፣ ይታሰብበት። ልጅዎ ውጭ እያለች እርስዎ በዚህ ዕድሜ መጋዝ ሲገፉ፣ ሰው ምን ይላል?»

ጋሼ ልኩ መላጊያቸውን መልሰው አነሱ። ከስልኩ ውስጥ የልጃቸው ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ።

«ሰው እኮ አንድም ቀን ልኮልን አያውቅም።»