ቱርካ ራሱ ይናገር

ዶክተር ፅናት ነጭ ጋዋኗን በፌስታል ጠቅልላ ከሆስፒታሉ ስትወጣ የማንንም ፊት ማየት አልፈለገችም። ሐኪም ተብላ ሥራ ከጀመረች ገና ወር አልሞላትም። ትምህርቷን የጀመረችው ካርቱም ነበር፤ ጦርነቱ ሲመጣ ከተማሪው ጋር ተፈናቅላ የቀረውን እዚሁ ድንበር አጠገብ በሱዳኗ ገዳሪፍ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆቿ ቤት ሆና ጨረሰች። እናት አባቷ «ልጃችን ዱክቶራ ሆነች» ብለው ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሰዋል። ልጅቱ ግን ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ አልወሰዳትም። መድኃኒት አዝዛ የሸኘችው ታማሚ ከበር ሲወጣ ልቧ አብሮት ይወጣል፦ አብዝቼ ይሆን? አሳንሼ ይሆን? ወይስ አለቃዬን ልጠይቅ ይገባኝ ነበር? መጨነቋስ ደግ ነው፤ ለሰው ሕይወት የማይጨነቅ ሐኪም አያድርስ ነው። የሚያስፈራው ጭንቀቷን ለማንም ሳትናገር እየዋጠች መሄዷ ነበር።

ሎሪዎች የሚጫኑበት ጎዳና ስትደርስ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር የምታውቃቸውን ሁለት ሰዎች አየች። አንደኛው ጠዋት ያከመችው ቱርካ ነው፤ ከመተማ በኩል ለእርሻ ሥራ የመጣ ወጣት። ሌላው የሠራተኞቹ አለቃ አያ እንዳለው ናቸው፤ ድንበሩን ሲመላለሱ ያረጁ፣ አረብኛውን እንደ አማርኛው የሚያንበለብሉ ሽማግሌ። ቱርካ የነጠላውን ጫፍ አፍንጫው ላይ ይዞ አንገቱን ደፍቷል። ነጠላው ላይ ደም አለ።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ እንዳለው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዱክቶራ። አንቺስ ደህና ዋልሽ? ያዘዝሽለትን ኪኒን ገዛን። ሎሪው ጭኖ እስኪጨርስ ነው የምንጠብቀው። ኸላስ፣ አለቀ፤ ማታ እርሻው ላይ ነን።»

«አፍንጫው ይደማል እንዴ?»

«ሙቀቱ ነው። ምንም አይደል።»

የጠዋቱ ነገር ሁሉ ፅናት ፊት ድቅን አለባት። በሰሊጥ ሠራተኞች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ሰው ሲታመም ሐኪም ፊት የሚናገርለት አለቃው ነው፤ ታማሚው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። ነገሩ የተጀመረው በችግር ነበር፤ ከጎንደር ቆላ የመጣ ሠራተኛ አረብኛ ከየት ያመጣል? ፅናት ግን በአማርኛ አፏን የፈታች ናት። ቱርካን ቀጥታ ልትጠይቀው ትችል ነበር። ሽማግሌ ተቀምጦ እሳቸውን አልፎ ልጁን ማናገር ነውር ስለመሰላት ሁሉንም ነገር አያ እንዳለውን ጠየቀች። «ከጀመረው ሦስት ቀኑ ነው፤ መድኃኒት አልቀመሰም» አሏት። ሆዱን ልትመረምር ስትል ደግሞ «ተይው ልጄ፣ ልጁ ያፍራል» አሉ፤ እሷም አፈረችና ተወችው። የደም ምርመራው ወባ አለ ሲል እፎይ ብላ ኪኒን ጽፋ ሸኘች። አንድ መልስ ስላገኘች ሌላ መጠየቅ አቆመች።

አሁን ደህና ግቡ ብላ ብታልፍ የሚያውቅባት አልነበረም። ብትመልሰው ግን ታማሚ ሳትመረምር መሸኘቷ ዶክተር ሁዜይፋ ጆሮ ይገባል። እሱ የክፍሏ አለቃ ነው፤ ምላሱ ምሕረት የለውም፣ ሥልጠናዋን ጨርሳለች ብሎ የሚፈርመውም እሱ ነው። ቢሆንም ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አያ። ቱርካን መልሼ ልየው።»

«ምነው? ጠዋት ወባ ነው ብለሽ የለም?»

«ብያለሁ። ወባም አለበት። ነገር ግን በቅጡ ሳልመረምረው ነው የሸኘሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ልጄ፣ ላንቺው ብዬ ነው። ሐኪም አንዴ ካለ አለ ነው። ቃሉን ያጠፈ ሐኪም ማን ያምነዋል? ነገ ሠራተኛው ሁሉ ‹ያቺ የአበሻዋ ልጅ አታውቅም› ቢልሽስ?»

«ይበሉኝ። እርስዎ ሰሊጡን አሳጭደው፣ ነዶው ይቆይ ብለው ባደሩ ማግስት ዝናብ ቢያጉረመርም፣ ብያለሁና አላነሳውም ይላሉ?»

«አልልም። ሰውን ሁሉ ቀስቅሼ አስነሳለሁ።»

«ቱርካ ከነዶ አይበልጥም?»

«ይበልጣል እንጂ፣ ምን ነካሽ።» አያ እንዳለው ወደ ሎሪው አየት አደረጉ። «ግን ሰሊጡ እየረገፈ ነው። ሰዎቼም እዚያ እየጠበቁኝ ነው።»

«ሌላም ልለምንዎ። የምጠይቀውን ቱርካ ራሱ ይመልስልኝ። እርስዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን።»

ይህኛው ግን ሽማግሌውን ከነከናቸው። «ምን የሰወርኩት አለ ብለሽ ነው? ከእናቱ በአደራ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በዚህ አገር አፉም ጆሮውም እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ አያ። እርስዎ የሚነግሩኝ ያዩትን ነው። የሚያመው ግን እሱን ነው። እርስዎን አክብሮ የማያወጣው ነገር ቢኖርስ?»

አያ እንዳለው ከዘራቸውን አንስተው ከሎሪው ጎን ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመህ፣ ቱርካ?»

ወጣቱ መጀመሪያ ወደ ሽማግሌው ጀርባ አየ። «ከክረምቱ ነው፣ ዶክተር። አረም ላይ ሳለን ጀመረኝ። ይተወኝና ይመለሳል። ከሱቅ የወባ ኪኒን እየገዛሁ ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። አያ አያውቁም። ካወቁ ወደ አገር ይመልሱኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ከስተሃል?»

«ሱሪው ወገቤ ላይ አልቆም አለኝ። ሆዴም በግራ በኩል ይከብደኛል።»

እዚያው አጠገብ ካለች ሻይ ሻጭ ዳስ አልጋ ለምና አጋደመችውና ሆዱ ላይ እጇን ቀስ አድርጋ አሳረፈች። ጣፊያው አብጦ እስከ እምብርቱ ወርዷል። ለሁለት ቀን ተማሪም ቢሆን የማይጠፋ ነገር፣ ጠዋት ከእጇ አንድ ክንድ ርቆ ነበር። ስልኳን አወጣች።

ለዶክተር ሁዜይፋ በአረብኛ ሁሉንም ነገረችው፤ ጥፋቷን ከፊት አስቀደመች። «ጠዋት ሆዱን ሳልመረምር በወባ ብቻ የሸኘሁት ታማሚ አለ። ጣፊያው አብጧል፣ አፍንጫው ይደማል፣ ትኩሳቱ ከክረምት ጀምሮ ነው። ካላዛር ነው ብዬ ፈራሁ።»

«የት ነው ያለው?» አላት።

«አጠገቤ ነው።»

«በእግሩ እንዳታመጪው፣ ሪክሻ ያዢ። ደም ሊያስፈልገው ይችላል። ጠዋት ከጎንሽ ክፍል ነበርኩ። ለምን አልጠራሽኝም?»

«ፈራሁህ።»

«እኔ ብቆጣሽ ተቆጥቼ ይበርድልኛል። ለሞተ ሰው ግን ምን ይደረግለታል? ይዘሽው ነይ።»

አያ እንዳለው ካላዛር የሚለውን ቃል ሰምተው ተመልሰዋል። የአሸዋ ዝንብ የሚያመጣው፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው፤ ስሙን በዚህ ድንበር የማያውቅ የለም። ፅናት የልጁን ቃል በእሱ ፈቃድ ስትነግራቸው ከአልጋው ጫፍ ተቀመጡ። «እኔን ፈርቶ?» አሉ። «ከልጄ ለይቼው አላውቅም እኮ።»

«እኔም አለቃዬን ፈርቼ ዝም አልኩ፣ አያ። በሁለታችን ፍርሃት መሐል ልጁ ሊሞት ነበር።»

ሽማግሌው ሎሪውን «ሂድ» ብለው አሰናበቱት። ቱርካን ደግፈው ባለ ሦስት ጎማው ሪክሻ ላይ ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ምርመራው ፅናት የፈራችውን አረጋገጠ። ደም ተሰጠው፣ መርፌውም ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ልቧ ተንጠልጥሎ ከረመ፤ ወደ ክፍሉ በገባች ቁጥር አልጋው ባዶ ሆኖ እንዳታገኘው ትፈራ ነበር። ሲሰነብት ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ምግብም ጠየቀ። ዶክተር ሁዜይፋ እንደሚጠበቀው ተቆጣት፤ ከቁጣው በኋላ ግን ሻይ ጋበዛትና እንዲህ አላት፦ «ጥፋትሽን ራስሽ ይዘሽልኝ ስለመጣሽ ነገም ታማሚ አምኜ እሰጥሻለሁ። የሚደብቅ ሐኪም ግን ምን እንደሠራ አላውቅም፤ ስለማላውቅም ላስተምረው አልችልም። ስትጠራጠሪ ጥሪኝ። ሳትነኪ አትሸኚ። የሚሸኘው ሰው የት እንደሚያድር፣ ቢብስበት በምን እንደሚመለስ ጠይቂ። እንቅልፍሽንም ተኚ፤ የደከመ ሐኪም ቶሎ እፎይ ማለት ይወዳል።»

መርፌው ሊያልቅ ሲል አያ እንዳለው ሌላ ሠራተኛ ይዘው መጡ። እርሻው ላይ ሰው ሰብስበው፣ የታመመ ይንገረኝ፣ በመታመሙ የማባርረው የለም ብለው እንደነበር ለፅናት አወሯት። ሰው ሳይብስበት እየተናገረ ነው፤ የዳነውም ወደ ሥራው ይመለሳል፣ ሰሊጡም ቢሆን በሬሳ አይታጨድም አሉ። «ያን ቀን ቃልሽን አጠፍሽ አልኩሽ። ዛሬ ሰዎቼ ‹ቃሏን አጥፋ ወደተመለሰችዋ ሐኪም ይውሰዱን› ነው የሚሉኝ።»

ፅናት ሳቀች። ጊዜው ተጣብቦ፣ ደጁ በታማሚ ተጨናንቆ ነበርና ሳታስበው የድሮው ልማድ ያዛት። «እህ፣ አያ፣ ምን ሆኖ ነው?» ብላ እሳቸውን ጠየቀች።

ሽማግሌው ከዘራቸውን አንስተው ተነሡ። «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ልጄ? እሱ አፍ አለው። እኔ ደጅ ነኝ።»

ወጥተውም በሩን ከውጭ ዘጉላቸው።