ጋሼ አይቸው ያጠጡት ውሃ

የእኔን ወሬ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ጥሎ ነው የሚወስደው። ታልፒዮት ሰፈር፣ ጋራዥ ውስጥ አንበሳ ጎማ ሲያስቀይር አይቻለሁ ብዬ የማልኩለት ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። ይህን ግን ሳትቀንሱ ውሰዱልኝ።

ኢየሩሳሌም፣ ከሃነቪኢም ጎዳና ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ስገባ፣ በኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አገኘሁ። ሁለቱም እዚያው አካባቢ ባለው ማገገሚያ ቤት ይሠራሉ፤ እኔ የቤቱን የበሽተኞች መኪና እነዳለሁ። ጋሼ አይቸው የዛለ እግር የሚያስራምዱ ፊዚዮቴራፒስት ናቸው። ሊራን ደግሞ ንግግርና መዋጥ መልሳ የምታስተምር ወጣት ባለሙያ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ አማርኛዋን ከአያቷ የለቀመች።

ሊራን የምትለምናቸው በማግስቱ ስለ እማማ ወርቅዬ በሚደረገው ስብሰባ እንዲገኙ ነበር። እማማ ወርቅዬ የቂርያት መናሔም ሰፈር ሴት፣ የቤቱ በሽተኛ ናቸው። ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዛቸው ወዲህ እግራቸው እየተሻለው ሳለ ትኩሳት እየተመላለሰ ይጥላቸዋል። ሐኪሞቹ ምክንያቱን ቢያጡት፣ በአፍ መብላቱ ይቅርና ምግቡ በሆዳቸው በሚገባ ቱቦ ይሁን ወደ ማለት ደርሰዋል። በስብሰባው የሚወሰነው ይህ ነበር።

ጋሼ አይቸው ግን አልገኝም አሉ። የእግሩን ነገር ጽፈው አስረክበዋል፤ የቀረው የሌላ ሰው ሙያ ነው።

«በእኛ ወግ በሰው ሥራ እጅ አይገባም፣ ልጄ። የበሽተኛን ነገር ከክፍል ክፍል ይዞ መዞር ደግሞ ነገር ማመላለስ ነው። እማማ ወርቅዬን እኔ አላማቸውም።»

«ሐሜት እሳቸው በሌሉበት የሚወራው ነው፣ ጋሼ። ነገ እኮ እሳቸውም አብረውን ይቀመጣሉ።»

እኔ በልቤ ለጋሼ አይቸው ፈረድኩ። ስንቱን አስነስተዋል፤ አንዱ በሽተኛቸውማ አውቶቡስ ቀድሞ ቂርያት መናሔም ገባ ብዬ አውርቻለሁ።

ሊራን አልተቆጣችም። እማማ ወርቅዬ ዛሬ እንዴት እንደቆሙ ብቻ ጠየቀቻቸው። በደንብ ቆመዋል አሉ፤ ትንሽ ስላሳላቸው እንደ ልማዳቸው በሁለት እጃቸው ውሃ ሰጥተዋቸዋል።

«ረጋ» አለች፤ በዕብራይስጥ ቆዩ ማለቷ ነው። «ያልወፈረ ውሃ?»

«ውሃ ደግሞ ይወፍራል እንዴ?»

ለካ ይወፍራል። ለእማማ ወርቅዬ የሚጠጣ ሁሉ በማወፈሪያ ዱቄት እንዲወፍር ያዘዘችው ራሷ ሊራን ናት። ቀጭኑ ውሃ መንገድ ስቶ ወደ ሳንባቸው ሊወርድ ይችላል፤ ትኩሳትም ያመጣል። ማሳሰቢያውን ከአልጋቸው በላይ ለጥፋለች። ጋሼ አይቸው ግን የሚሠሩት ምድር ቤት ነው፤ ያንን አልጋ አይተውት አያውቁም።

ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ታዲያ እሳቸውስ ለምን አልነገሩኝም?»

«እርስዎ በሁለት እጅ እየሰጧቸው፣ እንዴት አልጠጣም ይበሉ?» አለች ሊራን። «ጥፋቱ የእኔም ነው። ለሐኪሞቹ ነግሬያለሁ፣ ለወጥ ቤቱ ነግሬያለሁ። እግር ከጉሮሮ ጋር ምን አገናኘው ብዬ አንድ ቀን እርስዎ ዘንድ አልወረድኩም።»

 

«ውሃ በጠጡ ቁጥር ሲያስላቸው አይቻለሁ» አሉ ጋሼ አይቸው። «የጉሮሮ ነገር ነው፣ የእኔ አይደለም ብዬ ተውኩት። ስብሰባው ስንት ሰዓት ነው?»

በማግስቱ የእማማ ወርቅዬን ወንበር እየገፋሁ ያስገባሁ እኔ ነኝና የሆነውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ጋሼ አይቸው ቀድመው ተነሥተው ስለ ውሃውና ስለ ሳሉ ተናገሩ። የምግብ ባለሙያዋ አቪታል ይህን ስትሰማ ቀና አለች። ትኩሳቱ ሁልጊዜ የእግር ልምምድ በሚሠሩበት ቀን ማግስት እንደሚነሣ አስተውላ፣ ድካም ነው ብላ ለማንም ሳትነግር ቀርታ ኖሯል። ሐኪሙም ቱቦው ይቆይ፣ መጀመሪያ ቀጭኑ ውሃ ይቅር አለ።

ትኩሳቱ አልተመለሰም። ሁሉም በየሙያቸው ጠንቅቀው ይሠሩ ነበር፤ እየተፋፈሩ ዝም መባባላቸው ግን እማማ ወርቅዬን ሊያሳጣን ነበር። አሁን በዚያ ቤት ምድር ቤት ያለው ፎቅ ይወጣል፣ ፎቅ ያለው ይወርዳል፤ ያዩትን በሽተኛው ፊት ይነጋገራሉ። ሳል የሰማ የማን ሥራ ነው ሳይል ይናገራል። ብዙ ሰውም ቶሎ ቤቱ ሲገባ መኪናዬ ምስክር ናት።

እማማ ወርቅዬን ወደ ቂርያት መናሔም ልወስዳቸው መኪና ውስጥ ሳስገባቸው፣ ጋሼ አይቸው ለመንገድ የሚሆን መጠጥ ራሳቸው አወፍረው በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። እማማ ወርቅዬ ግን አልተቀበሉም።

«አይቸው፣ ላሳፍርህ ብዬ አይደለም» አሉ። «ልክ መወፈሩን ሊራን አይታዋለች?»

ጋሼ አይቸው ኩባያውን እንደያዙ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ለሊራን ሊያሳዩ ደረጃውን እየሮጡ ወጡ። ይህንንም አልጨመርኩበትም።