ሺሺንዳ ገበያ የወጣው ኢንዛይም

ሰሞኑን ሺሺንዳ ገበያ ያጋጠመኝ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። እኔ ቦንጋ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በቅርቡ ሬዲዮ ላይ ቀርቤ ስለ ምርምሬ አውርቼ ነበር። በኦክስጅን የሚሠራ አንድ ኢንዛይም የአንጀት ካንሰር ሕዋሳት ከተነሱበት ወጥተው ጉበት ድረስ እንዲዛመቱ ያግዛቸዋል፤ ኢንዛይሙን ስናግደው ግን በላቦራቶሪ ሳህን ውስጥ ያሉት ሕዋሳት ካሉበት አይንቀሳቀሱም ብዬ አስረዳሁ። ገበያው መሀል አንድ መድኃኒት ሻጭ በሞንታርቦ ይጮሃል፦ «ካንሰር የሚያዛምተውን ኢንዛይም ድራሹን የሚያጠፋ! የቦንጋው መምህር በሬዲዮ የመሰከሩለት!» የሚሸጠው ቅጠል የተወቀጠበት ማር ነው።

ደሜ ፈላ። ላፋጥጠው ስጠጋ ከገዢዎቹ መሀል ጎረቤቴን እትዬ አስቴርን አየሁ። እሳቸው የአንጀት ካንሰር አለባቸው፤ ሳይዛመት ስለተደረሰበት ጅማ ለቀዶ ጥገና ተቀጥረዋል። «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ውሸታም ነው! ጅማ አይሄዱም እንዴ?» አልኳቸው።

«ምን ልሠራ ልቀደድ? ኢንዛይሙ ከታገደ በሽታው የትም አይሄድም ያልከው አንተው አይደለህ?»

«እኔ ያልኩት ሳህን ውስጥ ስላለው ነው። ለሰው የሚሆን መድኃኒት ገና አላገኘንም።»

የማሩን ብልቃጥ ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጡና ትክ ብለው አዩኝ።

«ለሳህኑ አግኝተህ፣ ለእኔ ሲሆን አጣህ?» አሉኝና ጥለውኝ ሄዱ።