ሥራ ያስቆሙት ዘበኛ

አያት ሰፈር የምናሠራው የማኅበር ቤት ዘበኛ፣ ጋሽ ቶላ፣ ቅዳሜ ዕለት ተባረሩ። ጥፋታቸው ምን መሰላችሁ? የብሎኬት ማምረቻው ማሽን ተበላሽቷል፤ የሚተፋውን ብሎኬት በእጃቸው ቢያሹት እንደ በሶ ቦነነ። በሩን ቆለፉና «ማሽኑ ሳይጠገን አንድም ግድግዳ አይነሣም» አሉ። ሊቀመንበራችን «የልማት እንቅፋት ናቸው» ብለው ቁልፉን ተቀበሏቸው።

እሑድ ስብሰባ ላይ እጄን አወጣሁ። ሥራዬ ላቦራቶሪ ነው፤ ሴል ነው የማጠናው፤ በማውቀው ልሟገት ብዬ ነው። «ጋሼ፣ በእርስዎም ሰውነት ውስጥ እኮ ጋሽ ቶላ አሉ» አልኳቸው ሊቀመንበሩን። «ሴል ራይቦዞም የሚባሉ ፕሮቲን የሚሠሩለት ማሽኖች አሉት። የእነሱ አመራረት ሲበላሽ አንድ ጠባቂ ይነቃና ሴሉ እንዳይባዛ ያስቆመዋል። ካልተስተካከለ ሴሉ ራሱን እስከ ማጥፋት ይደርሳል።»

ሊቀመንበሩ ከት ብለው ሳቁ። «ምን ዓይነት ጠባቂ ነው! የሚያባርረው ጠፋ?»

«የሚያባርሩት ሴሎችማ አሉ። ካንሰር ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው የሚጀምረው።»

ተሰብሳቢው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። በቃ ገባቸው፣ ጋሽ ቶላ ነገ ይመለሳሉ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣ ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለመሆኑ ይሄ ካንሰር የምትይው፣ ከሌላው ሴል ቶሎ ያድጋል?»

«በጣም እንጂ።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?» ብለው ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ።

የወደፊት ጎረቤቶቼ አጨበጨቡ።