ለእማዬ የተነገራት መብት

ወደ ሪችፊልድ ከተማ በሚሄደው ባስ ከኋላዬ ሁለት የሐበሻ ወጣቶች ተቀምጠዋል።

«የፖሊስ ትምህርቱን ጀመርክ?»

«ገና ነኝ። መጀመሪያ የአጠናን ዘዴ ክላስ እየወሰድኩ ነው።»

«ማጥናትም ክላስ አለው?»

«ሽምደዳ ተዉ አለን ቲቸሩ። ያነበባችሁትን ቤት ላለ ሰው በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ አለን።»

«ለማን አስረዳህ?»

«ለእማዬ። ፖሊስ ለያዘው ሰው የሚነግረውን መብት።»

«ምን አልካት?»

«‹ዝም የማለት መብት አለሽ› አልኳት።»

«ለእናትህ?!»

«‹የምትናገሪው ሁሉ ይያዝብሻል፤ ጠበቃም ማቆም ትችያለሽ› ብዬ ጨረስኩላት።»

«እሷስ?»

«ይኸው ሳምንት ሆናት፤ በመብቷ እየተጠቀመች ነው።»

«ሽማግሌ አትልክባትም ታዲያ?»

«ልኬ ነበር። ‹ጠበቃዬ በሌለበት አልናገርም› ብላ መለሰቻቸው።»

«ኧረ እሷ ትመዝገብ!»

እኔን ያሳዘኑኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው።